ቲዩቡ ላይ «ሂዩ» ይላል፤ ወንድሜን አስቀየምኩት

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። በነሐሴ መጨረሻ ከአንድ ደንበኛ ጥሩ ሥራ አገኘሁ። እናቱ ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ ሲያሰጡ የሚያሳይ፣ ወርዱ 120 ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአክሪሊክ ሥዕል ነው። ሰውየው ስለ ቀለም አንድ ሁለት ነገር ያውቃል መሰለኝ፣ «ቀዩ በፀሐይ እንዳይለቅ ካድሚየም ይሁንልኝ» አለኝ። እሺ ብዬ ቀብድ ተቀበልኩ።

ካድሚየም ከሚባለው ማዕድን የሚሠራ ቀለም እዚህ በፈለግኩት ሰዓት የማገኘው ስላልሆነ ቨርጂኒያ ላለው ታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ወንድም ጋሼ በ11 ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ትምህርት ቤት የከፈለልኝ፣ ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። ካድሚየም ቀይ አራት፣ ካድሚየም ቢጫ ሁለት፣ ኮባልት ሰማያዊ አንድ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ጠቆር ያለ ቀይ አንድ ብዬ ጻፍኩለት። በሰው ላከልኝ።

በርበሬውን መቀባት ስጀምር ቀዩ አልሸፍን አለኝ። ሁለቴ ሦስቴ ብደርበውም የሰሌኑ ጥቁር መስመር ከሥር ይታያል። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ቲዩቡን አገላብጦ አየና «ይሄማ ሂዩ ነው። ሂዩ ማለት ፎርጅድ ማለት ነው። ወንድምሽ ርካሹን ነው የላከልሽ» አለኝ። እውነትም ስምንቱም ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያቺ ቃል (hue) አለች። መዝገበ ቃላት ባይ «ቀለም» ይላል። «የካድሚየም ቀይ ቀለም» ከሆነ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ፎርጅድነቱ? ግራ ገባኝ።

በዚያው ንዴት ደውዬ «ብር ከቸገረህ ብትነግረኝ ይሻል ነበር፣ ፎርጅድ ከምትልክልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እኔ የጻፍሽልኝን ነው የገዛሁት» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ይኸው አንድ ወር ሆነው፣ አልደወለም። እናታችን «ልጄን ምን ብለሽው ነው?» እያለች ታስጨንቀኛለች። ሥራውን የማስረክበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለደንበኛዬ ልንገረው ወይስ ጨርሼ ልስጠውና ዝም ልበል? ወንድሜንስ በምን አፌ ላናግረው?

ቀዩ አልሸፍን ያለኝ፣ ከአዲስ አበባ

የዓምዱ መልስ

ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃልና አንድ ወንድም ተጠላልፈዋል። ከቃሉ እንጀምር፤ እሱ ከተፈታ ቀዩ ለምን እንዳልሸፈነልሽም፣ ወንድምሽ ሱቅ ውስጥ ምን እንደገጠመውም አብሮ ይገለጣል።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም፤ ግን ያሳየሽ የቃሉን ግማሽ ነው። ሂዩ ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ሂው» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ቀለም ብቻ ሳይሆን ቅርጽ፣ ገጽታ፣ በአጠቃላይ ለዓይን የሚታየው ነገር ነበር። ስዊድኖች የዚያው ቃል ዘመድ የሆነውን «ሂ» የሚሉትን እስከ ዛሬ ለሰው የቆዳ መልክ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የሚቀርበው የአማርኛ አቻ «ቀለም» ሳይሆን «መልክ» ነው። ጨርቅ ታጥቦ ሲደበዝዝ «መልኩን ለቀቀ»፣ ሰው ሲደነግጥ «መልኩ ተለዋወጠ» የምንለው ያው መልክ። እንዲያውም በ4ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝኛ ዘመድ በሆነው በጥንቱ የጎቲክ ቋንቋ በተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 5 ላይ ይኸው ቃል «ሂዊ» ሆኖ ይገኛል። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ላይ «የአምልኮት መልክ አላቸው» ነው የሚለው፤ ኃይሉን ግን እንደካዱ ይቀጥላል። ቲዩብሽ ላይ ያለችው ቃል ይህን ይመስላል፦ የካድሚየም መልክ አለው፣ ካድሚየሙ ግን የለበትም።

ጓደኛሽ «ፎርጅድ» ያለውም ከሜዳ አላመጣውም ማለት ነው። ከዚያው ሥር የወጣ የድሮ እንግሊዝኛ ግስ ነበረ፤ መቅረጽም፣ ማቅለምም፣ ማስመሰልም ማለት ነበር። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛው «ከለር» እየገባ ሂዩን ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጣው። ከ1600 ገደማ በኋላ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ቃል ሆኖ ቆየና፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የኬሚስትሪና የቀለም ሰዎች መልሰው አነሡት። (ፍለጋ ላይ ደግሞ «ሂዩ» የሚል ሌላ ቃል ያጋጥምሽ ይሆናል፤ ሌባ ሲታይ የሚነሣ ኡኡታ ማለት ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ከዚህኛው ጋር ዝምድና የለውም። ወንድምሽ ላይ የተነሣው እንግዲህ እሱኛው ሂዩ ነው።)

ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አልበርት መንሴል የተባለ የቦስተን ሠዓሊና መምህር በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማንኛውም ቀለም በሦስት ነገር ይለካል አለ። አንደኛው ሂዩ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ የሚባለው መልኩ። ሁለተኛው ምን ያህል ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር ያደላል የሚለው ነው፤ ዜሮ ጥቁር ነው፣ 10 ነጭ ነው። ሦስተኛው የመልኩ ጉልበት ነው። ይህኛውን ብዙ ሰው «ሳቹሬሽን» ይለዋል፤ ከላቲን የመጣ ነው፣ ሥሩም መጥገብ ማለት ነው። አማርኛው ራሱ ይቀበለዋል፤ መሬት ውኃ እንደሚጠግብ ሁሉ ጨርቅም ቀለም ይጠግባል። ስልክሽ ላይ ፎቶ ስታስተካክዪም ሂዩ የምትባለዋ መስመር ቀዩን ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ሐምራዊ ትወስደዋለች እንጂ አታደበዝዘውም፣ አታጠቁረውም። ማደብዘዝና ማድመቅ ሳቹሬሽን የምትባለዋ መስመር ሥራ ነው።

አሁን ቲዩብሽን አንሥተሽ አንብቢው። «ካድሚየም ቀይ ሂዩ» ሲል ቃል የገባልሽ በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ መልኩ ካድሚየም ቀይ ካለበት ቦታ ነው ይላል። ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ምን እንደሚሆን፣ በምን ዱቄት፣ ማለትም መልኩን በሚሰጠው በየትኛው ነገር እንደተሠራ በዚህች ቃል ውስጥ የለም። አሜሪካ ውስጥ ኤኤስቲኤም የሚባለው የደረጃዎች ድርጅት ለሠዓሊ ቀለሞች ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ስሙ የተጠራው ዱቄት ቲዩቡ ውስጥ ከሌለ «ሂዩ» የሚለው ቃል ከስሙ ጋር መጻፍ አለበት። ስለዚህ ቃሏ ማታለያ አይደለችም፤ የፋብሪካው ኑዛዜ ናት። ፎርጅድ ዕቃ «እኔ ፎርጅድ ነኝ» ብሎ ገላው ላይ አይጽፍም።

እስቲ ወንድምሽን እዚያ ሱቅ ውስጥ አቁመሽ አስቢው። ሠዓሊ አይደለም። እጁ ላይ ያለው ያንቺ ዝርዝር ነው፤ «ካድሚየም ቀይ» ይላል። መደርደሪያው ላይም «ካድሚየም ቀይ» የሚል አገኘ፤ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ቃል እሱ በሚያውቀው እንግሊዝኛ «ቀለም» ማለት ናት። የቀለም ሱቅ ውስጥ «ቀለም» ተብሎ ቢጻፍ ማን ይጠራጠራል? አንቺ ራስሽ፣ ሙያሽ ሆኖ፣ መዝገበ ቃላት ገልጠሽ እዚያው ላይ ነው የቆምሽው። «የጻፍሽልኝን ነው የገዛሁት» ያለሽ እውነቱን ነው።

ወደ እሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ሸራው ላይ ያለውን እናድን፣ ቀኑ እየሄደ ነውና።

ከቲዩቡ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ኮድ አለ። የሚጀምረው በ«ፒ» ነው፤ ቀጥሎ የመልኩ ፊደል ይመጣል፣ ለቀይ አር፣ ለቢጫ ዋይ፣ ለሰማያዊ ቢ፣ ለነጭ ደብሊው፤ ከዚያ ቁጥር። እውነተኛው ካድሚየም ቀይ ፒአር108 ነው። ካድሚየም ቢጫ ፒዋይ35 ወይም ፒዋይ37፣ ኮባልት ሰማያዊ ፒቢ28። ያንቺ ቀይ ላይ የምታገኚው ምናልባት ፒአር254 ወይም ፒአር112 ነው። ኮባልቱ ላይ ፒቢ29 ከነጭ ጋር ተጽፎ ካየሽ፣ እሱ አልትራማሪን የሚባል ሌላ ሰማያዊ በነጭ የሳሳ ነው። ስምንቱንም ኮድ ወረቀት ላይ ገልብጪ። ከእንግዲህ የፊት ለፊቱን ስም እንደ ቅጽል ስም ቁጠሪው፤ የመታወቂያው ስም ከጀርባ ነው።

አሊዛሪኑ ላይ ደግሞ ደስ ይበልሽ። ዋናው አሊዛሪን ክሪምሰን፣ ፒአር83 የሚባለው፣ ብርሃን የማይችል ቀለም ነው፤ በተለይ ሲቀጥንና ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ይለቃል። «ሂዩ» የተባለው ብዙውን ጊዜ ፒቪ19ን ወይም ፒአር177ን በመሰሉ የተሻለ ብርሃን በሚችሉ ዱቄቶች የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ተተኪው ከባለቤቱ ይበልጣል። ከሜርኩሪ ይሠራ የነበረው ቨርሚሊየን የሚባለው ቀይ፣ ከእርሳስ ይሠራ የነበረው ነጭ፣ መመረቱ የቀረው ማንጋኒዝ ሰማያዊም ዛሬ ብዙ ጊዜ «ሂዩ» ሆነው ነው የሚሸጡት፤ ምክንያቱ መርዝነታቸው ወይም መጥፋታቸው ነው። ጓደኛሽ «ርካሹን ነው የላከልሽ» ሲል የሳተው ይህን ነው። ካድሚየሙ ላይ ግን ዋጋው በእርግጥ ይለያያል፤ ይህን አልደብቅሽም።

ለምን አልሸፍን አለ? ካድሚየም የማዕድን ዱቄት ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም፤ አንድ ጊዜ ስታስኪጂው ከሥሩ ያለውን ይቀብረዋል። ተተኪዎቹ በአብዛኛው ካርቦን ላይ የተመሠረቱ ቀለሞች ናቸው፤ መልካቸው ብርቱ ነው፣ ግን ብዙዎቹ እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ። ብዙ ቲዩቦች ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች፤ ሙሉዋ ከጠቆረች ይሸፍናል ማለት ነው፣ ግማሿ ከሆነ ግማሽ በግማሽ፣ ባዶ ከሆነች አሳላፊ ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም አምስት ጊዜ ብትደርቢው የሰሌኑ መስመር ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም፤ ያተረፍሽው ወፍራም ቀይ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መደረቡን ተዪ። በርበሬው የሚያርፍበትን ቦታ መጀመሪያ ድፈኚው። ሁለት እጅ «የሎው ኦከር» የሚባለውን ቢጫ የአፈር ቀለም፣ አንድ እጅ ታይታኒየም ነጭ (ፒደብሊው6) ደባልቀሽ፣ ውኃ ሳታበዢ፣ ጥቁሩ መስመር እስኪጠፋ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቀቢው። በየመካከሉ እስኪደርቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፤ ቀኑ እርጥብ ከሆነ አንድ ሰዓት። ከዚያ ያንን የማይሸፍን ቀይሽን በሁለት ስስ ንብርብር አስኪጂበት። አሳላፊነቱ አሁን ይጠቅምሻል፤ ብርሃኑ በቀዩ አልፎ ቢጫማውን መትቶ ሲመለስ በርበሬው ከውስጥ የበራ ይመስላል። ካድሚየም ይህን አይሰጥሽም። መደፈኛውን ነጭ ብቻ አታድርጊው፤ ቀዩ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ሮዝ ያደላል።

ጥላ ያረፈበትና አስቀድሞ የደረቀው በርበሬ ጠቆር ማለት ስላለበት፣ ስድስት እጅ ያንቺን ቀይ በአንድ እጅ ቀይ ኦክሳይድ (ፒአር101) ደባልቂው። ኦክሳይዱ የብረት አፈር ነው፣ በደንብ ይሸፍናል። ጉልበቱን ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ግን የዛላ በርበሬ ልክ እንደዚያ ነው። እንዲሸፍን ብለሽ ነጭ እንዳትጨምሪበት፤ ተተኪዎቹ ነጭ ሲነካቸው ከካድሚየም ይልቅ በርትተው ወደ ሮዝ ይሄዳሉ፣ የሰውየውም እናት ጽጌረዳ ያሰጡ ይመስላል።

ሁለት ነገር አትርሺ። አክሪሊክ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እርጥቡን አይተሽ አትፍረጂ፣ ወረቀት ላይ ቀብተሽ አድርቀሽ እዪ። ሌላው፣ ከአሁን በኋላ እውነተኛ ካድሚየም ብታገኚ ግማሹን በርበሬ በእሱ ለማረም እንዳትሞክሪ። በማታ አምፖል አንድ የመሰሉ ሁለት ቀዮች ጠዋት መስኮት አጠገብ ሲታዩ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዱቄታቸው ስለሚለያይ ብርሃኑን የሚመልሱበት መንገድም ይለያያል። አንዱን ምረጪና ሙሉውን በእሱ ጨርሺ። ማመሳሰሉን ደግሞ በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ሥሪ።

አሁን ደንበኛሽ። ከአንቺ የሚጠበቀው ውሳኔ እዚህ ላይ ነው፣ እናም አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ሰውየው የፈለገው ካድሚየምን ነው ወይስ የማይለቅ ቀይ? ከጻፍሽው ሁለተኛው ይመስላል፤ «እንዳይለቅ» ብሎ ነው የጀመረው። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄው ምናልባት ተመልሶለታል። ቲዩቡ ላይ «ላይትፋስትነስ» (ብርሃን የመቻል ደረጃ) የሚል መስመር ፈልጊ፤ በኤኤስቲኤም አንድ ከሆነ እጅግ ጥሩ፣ ሁለት ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ፒአር254 በአብዛኛው አንደኛው ውስጥ ይመደባል። ምንም ካልተጻፈበት ግን፣ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ በአሥር እጅ ነጭ ደባልቀሽ ቀቢና ግማሹን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነሽ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፊው። ሦስት ሳምንት የሚያጋልጠው መጥፎውን ቀለም ብቻ ነው፤ ጥሩ መሆኑን ለማመን ወራት ይፈልጋል። ቢያንስ መጥፎ ከሆነ ከማስረከብሽ በፊት ታውቂያለሽ።

ቢሆንም «ካድሚየም» ብለሽ እሺ ብለሻል፤ ስለዚህ ንገሪው። ዝም ብትዪ ሥዕሉን ባየሽው ቁጥር አንቺን ነው የሚበላሽ፣ ሰውየውም ስለ ቀለም የሚያውቅ ሰው ነው። ከማስረከቢያው ቀን በፊት፣ በተለይም በርበሬውን ደፍነሽ ከማደስሽ በፊት ደውዪለት። ንግግርሽ አጭር ይሁን፦ «የመጣልኝ ቀይ የካድሚየም መልክ ያለው ሌላ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ኮዱ ይኸው፣ ብርሃን የመቻል ደረጃው ይኸው። በዚህ ልጨርሰው ወይስ እውነተኛው እስኪመጣ ቀኑን እናራዝመው?» ይቅርታ አታብዢ፣ የቤተሰብ ጉዳይም አታንሺ። ለካድሚየሙ ለብቻ አስከፍለሽው ከሆነ የዋጋውን ልዩነት መልሺለት። የድካምሽን ዋጋ ግን ቅናሽ አታድርጊ፤ ድካምሽ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። «አይ፣ ካድሚየም ብቻ» ካለ፣ አሁን ያለው ሥራ አይበላሽም፤ አክሪሊክ በአክሪሊክ ላይ ይያዛል፣ የላዩን ንብርብር በፒአር108 ታለብሺዋለሽ። በየትኛውም መንገድ ሲያልቅ ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ኮዶቹንና ቀኑን ጻፊ። ወደፊት የሚያጸዳው ወይም የሚያድሰው ሰው ያመሰግንሻል።

እውነተኛ ካድሚየም ካስመጣሽ ደግሞ በመንፊያ እንዳትረጪው፣ የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቂው። ብሩሽ አፍሽ ውስጥ የማድረግ ልማድ ካለሽም ተዪው። አደጋው ብናኙን መተንፈስና መዋጥ ላይ ነው።

ወንድምሽ ጋ ደርሰናል። እስቲ ራስሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂ፦ ስልክ ያነሣሽው በቀለሙ ብቻ ተናደሽ ነበር? ሥራው ትልቅ ነው፣ ቀብድ ተቀብለሻል፣ ጓደኛሽ ፊት አፍረሻል። ያ ሁሉ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ያረፈው ሁልጊዜ በሚሸከምሽ ሰው ላይ ይመስላል። ደግሞ እሱን የጎዳው «ፎርጅድ» የሚለው ቃል አይመስለኝም። «ብር ከቸገረህ» የሚለው ነው። አባት ሆኖ ላሳደገ ታላቅ ወንድም፣ በሰው አገር ለሚሠራ ሰው፣ ይህ አንጀት ውስጥ የሚገባ ንግግር ነው። ዝም ብሎ ስልኩን የዘጋው ስላልተሰማው አይደለም።

ስለዚህ ይቅርታው በዚያች ንግግር ይጀምር እንጂ በቀለሙ አይጀምር። በቀለሙ ከጀመርሽ ማስረዳት ይሆናል፤ ስለ ኮድና ስለ ዱቄት እያወራሽ ዋናው ሳይነሣ ይቀራል። በእናታችሁም በኩል አታስልኪ፤ የወጣው ካንቺ አፍ ነው፣ ካንቺ አፍ ይስማው። ለእናትሽ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ራሴ እደውላለሁ» ብትያት እሷም ትረጋጋለች። ሥራ ላይ እንዳይሆንበት የእረፍት ቀኑን ምረጪ፤ በእነሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፣ ክረምታቸው ገብቶ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ አሥራ አንድ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ብር ከቸገረህ ያልኩህን ነገር ይቅር በለኝ። ላንተ የሚባል አልነበረም። ቀለሙንም አንተ አልተሳሳትክም፤ እኔ ነኝ አጉድዬ የጻፍኩልህ።» ከዚያ ዝም በይና እሱ ይናገር። ቢቆጣም ስሚው። ካላነሣ በድምፅ መልእክት ያንኑ ላኪለትና በዚያው ቀን ደጋግመሽ አትደውዪ፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና ሞክሪ። በመሀል በርበሬው ደምቆ ሲወጣ ፎቶ አንሥተሽ «በላክልኝ ቀይ የተሠራ ነው» ብለሽ ላኪለት። እውነት ነውና።

ስትታረቁ በዚያው ስልክ ሌላ ቲዩብ እንዳታዝዢው፤ ትንሽ ይቆይ። ወደፊት ስታዝዢ ግን ከስሙ አጠገብ ኮዱን ጻፊለት፣ በላቲን ፊደል፣ ለምሳሌ «ካድሚየም ቀይ፣ ፒአር108፣ አክሪሊክ፣ 60 ሚሊ ሊትር»። ያ ኮድ ያለው ከሌለ «ሂዩ» ያለበትን ሳይወስድ እንዲደውልልሽ፣ ካገኘም ከመክፈሉ በፊት የቲዩቡን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልሽ ንገሪው። ዋጋውንም አስቀድመሽ ጠይቂና ግማሹን እንኳ ከቀብዱ እንደምትሸፍኚ ንገሪው፤ እምቢ ሊልሽ ይችላል፣ ግን አንቺ በዪው።